ቤት መቀመጥ፣ ለተጋላጮች ከለላ እና ምርመራ፦ የመመርመሪያ ኪት በማይበቃበት ወረርሽኝ የትኛው፣ መቼ፣ በምን መጠን? (ውይይት፤ ከየጽሑፉ በላይ ያለው የተናጋሪው የብዕር ስም ነው)

ቁጥር ይናገር

ይህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር የሚቀርበው በምርጫ መልክ ነው፤ ወይ ሁሉም ቤቱ ይቀመጥ፣ ወይ አረጋውያንና ሕሙማን ብቻ ከለላ ያግኙ፣ ወይ ሁሉም ይመርመር። እኔ ሦስቱን የማያቸው እንደ ሦስት ጉልቻ ነው፤ አንዱ ከተነሳ ድስቱ ይደፋል። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል» የሚለውን ትተን፣ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚሸከምና ምን ሲሆን እንደሚከሽፍ እንነጋገር። መነሻዬ በ2020 (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተሰራጨው የመጀመሪያው የኮሮና ዝርያ ነው፤ ጠባዩ በደንብ ተጠንቷል።

በእንቅስቃሴ ገደብ ልጀምር። ያለ ገደብ አንድ ታማሚ በአማካይ ወደ 2.5 ሰው ያስይዝ ነበር። ይህን ቁጥር «አር» እንበለው። ከአንዱ ሰው ወደ ቀጣዩ ለመሻገር ደግሞ 5 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። በቀን 1000 ሰው እየተያዘ ከሆነ ወደ 100 ለማውረድ ስንት ቀን ያስፈልጋል? ገደቡ ጠንክሮ አርን ወደ 0.7 ካወረደው 32 ቀን። ላላ ብሎ 0.9 ላይ ከቀረ ግን 109 ቀን። ሁለቱም ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ሁለቱም በወረቀት ላይ «ተሳክቷል» ይባልላቸዋል፤ ነገር ግን የላላው ገደብ ሰውን ከሦስት እጥፍ በላይ ለሚረዝም ጊዜ ከሥራው ያቆየዋል። ለኑሮ ይቀላል ተብሎ የሚመረጠው ለስላሳ ገደብ ብዙ ጊዜ ኑሮን የሚያደቅቀው እሱ ነው።

የመዘግየት ዋጋም በዚሁ መንገድ ይሰላል። አር 2.5 ሆኖ ውሳኔው 15 ቀን ቢዘገይ በሽታው ሦስት ጊዜ ይሻገራል፤ 2.5 በ2.5 በ2.5 ሲባዛ ከ15 እጥፍ በላይ ነው። ያን ትርፍ በ0.7 መልሶ ለማውረድ ተጨማሪ 39 ቀን ገደማ ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ጋ በቀን ተቆጥሮ ይታያል።

ሌላው ሰው የሚረሳው፣ ገደቡ በታወጀ ማግስት ቁጥሩ አይወርድም። ትናንት የተያዘው ሰው ምልክት የሚያሳየው በአማካይ ከ5 ቀን በኋላ ነው፤ ተመርምሮ ውጤቱ ሪፖርት ላይ እስኪገባ ሌላ ጥቂት ቀናት ይሄዳሉ። በሽታው ቤት ውስጥም መተላለፉን ይቀጥላል፤ በመጀመሪያው ዝርያ ከታማሚ ጋር አብረው ከሚኖሩ ሰዎች ከስድስቱ አንዱ ገደማ ይያዝ ነበር። በ7ኛው ቀን ቁጥሩ ሲጨምር አይቶ «ገደቡ አልሠራም» ብሎ ማንሳት የተለመደ ስህተት ነው።

ደጅ ጠባቂ

ስሌቱን አልቃወምም። የምቃወመው የሚከፈለው ዋጋ በዚያ ስሌት ውስጥ አለመኖሩን ነው። የመጀመሪያው ዝርያ የመግደል አቅሙ በዕድሜ እንዴት እንደሚለያይ ተመልከቱ፤ በ25 ዓመት ዕድሜ ከተያዙት 0.01 በመቶ ገደማ፣ በ55 ዓመት 0.4፣ በ65 ዓመት 1.4፣ በ75 ዓመት 4.6፣ በ85 ዓመት 15 በመቶ ገደማ። በ25 ዓመቱ ወጣትና በ85 ዓመቱ አዛውንት መካከል 1500 እጥፍ ልዩነት አለ። ይህን ያህል የሚያዳላ በሽታ ሲመጣ ሁሉንም እኩል ማሰር ለምን?

በሌላው ሚዛን ላይ ያለውም ትንሽ አይደለም። በሚያዝያ 2020 በዓለም ዙሪያ ወደ 1.6 ቢሊዮን ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ውጪ ነበሩ። በ2021 ደግሞ 25 ሚሊዮን ሕፃናት የመደበኛ ክትባታቸው አንድ ወይም ከዚያ በላይ መጠን አምልጧቸዋል። የዕለት ጉርሱን በዕለት ሥራ ለሚያገኝ ሰው «ቤትህ ተቀመጥ» ማለት ጦምህን እደር ማለት ነው። በጥቅምት 2020 «ተኮር ጥበቃ» በሚል የወጣውን መግለጫ የፈረሙት ሳይንቲስቶች ያነሱት ይህንኑ ነበር። ተጋላጩን አጥብቀን ጠብቀን ሌላው ሕይወቱን ቢቀጥል የሚለው ሐሳብ በአንድ ቃል የሚጣል አይመስለኝም።

ሒሳብ ሹም

ደጅ ጠባቂ፣ የዕድሜውን ነገር ልክ ነህ፤ ከለላ ዋጋ ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥያቄው ከለላው የሚቆመው በምን ላይ ነው የሚለው ነው። ተጋላጭ ሰው ብቻውን አይኖርም። የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ መድኃኒት የሚሰጠው ሰው አለ፤ ያ ሰው ደግሞ ማታ ወደ ሠፈሩ ይመለሳል።

50 ሠራተኞች ያሉት የአረጋውያን መኖሪያ እንውሰድ። ውጪ ከ1000 ሰው አንዱ በሽታው ካለበት፣ ከ50ዎቹ ቢያንስ አንዱ ይዞት የመግባት ዕድሉ 5 በመቶ ነው። ውጪው 1 በመቶ ሲሆን 39 በመቶ ይደርሳል። 2 በመቶ ሲሆን 64 በመቶ። የሕንፃው ግድግዳ፣ በሩና የእጅ መታጠቢያው ያው ነው፤ የተለወጠው ከግቢው ውጪ ያለው ስርጭት ብቻ ነው።

አሁን «ሌላው ሕይወቱን ይቀጥል» የሚለውን እንፈትሸው። አር 2.5 ሆኖ ያለ ገደብ ቢለቀቅ፣ በቀላሉ ሞዴል በወረርሽኙ ጫፍ ላይ ከሕዝቡ 23 በመቶ ገደማ በአንድ ጊዜ ታሞ ይገኛል። አያት ያለችበት ቤት ውስጥ አራት ሰዎች ወጥተው የሚገቡ ከሆነ፣ በዚያ ሰሞን ቢያንስ አንዱ በሽታውን የመያዝ ዕድሉ 65 በመቶ ነው። ሰዎች ስለሚጠነቀቁ እውነተኛው ጫፍ ከዚህ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ግን ግማሹ እንኳ ቢሆን ያንን ቤት ማንም አይጠብቀውም።

ስለዚህ እኔ የምለው አንድ ነው፤ ከለላ የሚይዘው ውጪ ያለው ስርጭት ዝቅ ሲል ነው። በእንግሊዝ ከመጋቢት 2020 ጀምሮ ወደ 2.2 ሚሊዮን የሚሆኑ ተጋላጮች ከቤት እንዳይወጡ ሲመከሩ፣ በጊዜው አጠቃላይ ገደብም ነበር። ሆኖም እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ ከሆስፒታል ወደ አረጋውያን መኖሪያ የሚመለሱ ሰዎችን ሁሉ መመርመር ግዴታ አልነበረም። ከለላው በአንድ በር ተከፍቶ ከቀረ የሌሎቹ በሮች መዘጋት ብዙም አይጠቅም።

ደጅ ጠባቂ

የ39 በመቶውን ስሌት ተቀብያለሁ። ግን ስርጭቱ እስኪወርድ አረጋውያኑ መጠበቅ አይችሉም። ነገ ጠዋት በዚያ ተቋም በር ላይ የሚቆም ሰው ምን ያድርግ? እሱን የሚመልስልኝ አላገኘሁም።

የክፍል 4 ነርስ

በቅደም ተከተል ልንገርህ፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ የሥራው ግማሽ ነው።

መጀመሪያ ሠራተኛውን መከፋፈል። 50ውን በአንድ ላይ ከማሠራት አሥር አሥር አድርጎ ለአምስት ክንፍ መመደብ። የአንዱ ክንፍ ሰው ወደ ሌላው አይሻገርም፤ ሻይ የሚጠጣበት ቦታና ልብስ የሚቀይርበት ክፍልም ይለያል። ነርሶች አብረው የሚያዙት በታማሚው አልጋ አጠገብ ብቻ አይደለም፤ ማስክ አውልቀው በሚበሉበት ጠባብ ክፍል ውስጥም ነው። በሁለት ተቋማት የሚሠራ ሰው ካለ አንዱን እንዲመርጥ ማድረግና የሚያጣውን ደመወዝ መተካት ግድ ነው። ካልተተካለት ይደብቃል፤ ልጆች አሉትና አይፈረድበትም።

ሁለተኛ፣ ፈጣን ምርመራ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በር ላይ። ውጤቱ እስኪወጣ ሠራተኛው ከቤት ውጭ ይጠብቃል። ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ናሙና ሰጥቶ «ውጤትህ ሲደርስ እንነግርሃለን» ተብሎ ወደ ክንፉ ይገባል። እንደዚያ ከሆነ ምርመራው የሠራው ነገር የለም።

ሒሳብ ሹም ባወጣው ስሌት ላይ ይህን ልጨምር። ውጪው 1 በመቶ ሲሆን 39 በመቶ የነበረው አደጋ፣ የበር ላይ ምርመራው ከአሥር ስድስቱን ቢያስቀር ወደ 18 በመቶ ይወርዳል። በክንፍ ሲከፋፈል ደግሞ የእያንዳንዱ ክንፍ አደጋ 4 በመቶ ገደማ ይሆናል። አንድ ክንፍ ቢያዝም አራቱ ይተርፋሉ።

ሦስተኛ፣ አዲስ ገቢ ወይም ከሆስፒታል የሚመለስ ሰው ከመንቀሳቀሱ በፊት ይመረመራል፤ ኔጌቲቭ ቢሆንም ለ14 ቀን ለብቻው ክፍል ይቆያል። ምልክት ከሚያሳዩ ታማሚዎች ወደ 97 በመቶ የሚሆኑት ምልክቱ የሚጀምራቸው እስከ 11ኛው ወይም 12ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ 14 ቀን ያንን ይሸፍናል።

ቤት ውስጥ ላለው ከለላ የተለየ ክፍል ካለ መስኮት ያለው ይመረጣል። የታመመ ሰው ባለበት ክፍል ማራገቢያ ካለ መስኮቱ ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ማስቀመጥ። ይህ አየሩን ከክፍሉ ወደ ውጭ ይስበዋል፣ ንጹሑም አየር በበሩ ሥር ይገባል። ፊቱ ወደ ውስጥ ከዞረ ግን የታማሚውን ትንፋሽ በበሩ ሥር ወደ ቤቱ ይገፋዋል። ቀላል ስህተት ነው፣ ግን ቤተሰቡን ሁሉ ያስይዛል። የተለየ ክፍል ከሌለ ቢያንስ የሚተኙበትን ቦታ ራስና እግር አድርጎ ማራራቅ፣ መስኮት መክፈት፣ ሁለቱም ማስክ ማድረግ። መታጠቢያ ቤቱ የጋራ ከሆነ የታመመው መጨረሻ ይጠቀምና መስኮቱ ተከፍቶ ይቆይ። ተጋላጩ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የአስም መድኃኒቱን ቢያንስ ለ30 ቀን ቀድሞ ይያዝ፤ ከለላ ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚጎዱት በኮሮና ብቻ አይደለም፣ መድኃኒት በማቋረጥም ነው።

በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካለ በአግባቡ ይሁን። ቀለም የተቀባ ጥፍር ይጥረግ፣ ቀዝቃዛ እጅ ይሙቅ፣ 5 ደቂቃ አረፍ ተብሎ ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ይጠበቅ። 93 ወይም 94 ሲሆን ሐኪም ይማከር፤ 92ና ከዚያ በታች ሲሆን ሳይዘገይ ወደ ሕክምና። ሁለት ነገር ግን አስምሩበት። መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። ከፍ ባለ መሬት ላይ ደግሞ የጤነኛ ሰው ንባብም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጤነኛ ሳሉ የተለካውን ቁጥር ጽፎ መያዝና ከዚያ በ3 ወይም በ4 ሲወርድ መጠንቀቅ ከየትኛውም ቋሚ ቁጥር ይበልጣል።

ጠያቂ 7

እናመሰግናለን እህቴ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሰው እሁድ ተመርምሮ ኔጌቲቭ ነህ ይባላል፣ ረቡዕ ያስላል፣ ሐሙስ ፖዘቲቭ ይሆናል። ምርመራው ዋሸ ማለት ነው?

ናሙና ቤት

አልዋሸም፤ የተጠየቀው ቀድሞ ነው። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ እስኪባዛ ቀናት ይፈልጋል። በ2020 በወጣ ግምት መሠረት ፒሲአር (በቤተ ሙከራ የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ የሚፈልገው ምርመራ) እንኳ በተጋለጡበት ማግስት ማንንም አይዝም፤ በ4ኛው ቀን ከተያዙት 67 በመቶው ያመልጡታል፤ ምልክት በጀመረበት ቀን 38 በመቶው፤ ምልክቱ ከጀመረ ከ3 ቀን በኋላ 20 በመቶው። ከዚያ ወዲያ ማምለጡ እንደገና ይጨምራል። ንክኪ የነበረው ሰው በማግስቱ ተመርምሮ «ኔጌቲቭ ነኝ» ብሎ ወደ እናቱ ቤት ቢሄድ ምርመራው ከመጥቀም ይልቅ ጎድቷል። 5ኛው ቀን ይጠብቅ።

አስተላላፊነቱ ደግሞ ምልክት ከመታየቱ 2 ቀን ገደማ ቀድሞ ይጀምራል። «ያላሳለ አያስተላልፍም» የሚለውን ከአእምሮ ማውጣት ያስፈልጋል።

ፈጣኑ የአንቲጂን ምርመራ፣ ማለትም የቫይረሱን ፕሮቲን የሚፈልገው፣ ምልክት ካለባቸው ሰዎች 72 በመቶ ገደማ ይይዛል፣ ምልክት ከሌለባቸው 58 በመቶ ገደማ። ጥንካሬው ፍጥነቱ ነው፤ ብዙ ቫይረስ ያለበትን፣ ማለትም ያን ዕለት የሚያስተላልፈውን ሰው በደንብ ይይዛል። አጠቃቀሙ ላይ የሚጠፋው ግን ብዙ ነው።

ኪቱ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀመጣል። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ወዲያው ከተከፈተ ካሴቱ (ውጤቱ የሚነበብበት ፕላስቲክ) ላይ እርጥበት ይይዛል፣ ፈሳሹም በወጉ አይጓዝም፤ ፖስታው ሳይቀደድ ግማሽ ሰዓት ያህል በክፍል ሙቀት ይቆይ። ጥጡ አፍንጫ ጫፍ ላይ ብቻ ተነካክቶ ከወጣ ናሙና የለም፤ ለአፍንጫ ውስጥ ናሙና 2 ሴንቲሜትር ያህል ገብቶ ግድግዳውን እየነካ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ቢያንስ አምስት ጊዜ ይዙር። ከዚያ ጥጡ ፈሳሹ ውስጥ ተሽከርክሮ፣ ሲወጣ የቱቦው ጎኖች በጣት እየተጫኑ ጥጡ ይጨመቅ። ይህን የሚዘሉ ሰዎች ናሙናውን ከጥጡ ጋር ይጥሉታል። ጠብታው መመሪያው ላይ የተጻፈው ያህል ብቻ ይሁን፣ አረፋ ካለ ይጠበቅ። ንባቡ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ነው፤ ሰዓቱን ካሴቱ ላይ በእርሳስ ጻፉት። «ሲ» የሚለው መስመር ካልወጣ ምርመራው ዋጋ የለውም፣ ሌላ ይደረግ። «ቲ» ላይ ያለው መስመር በሰዓቱ ከታየ የቱንም ያህል ቢደበዝዝ ፖዘቲቭ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደረቅ ካሴት ላይ የሚታይ ግራጫ ጥላ ግን ውጤት አይደለም።

ፒሲአር ላይ ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለ። ሰውየው ድኖ ማስተላለፉን ካቆመ በኋላ የሞተ ቫይረስ ፍርስራሽ ለሳምንታት ፖዘቲቭ ያሳያል። «ኔጌቲቭ እስክትሆን ከለይቶ ማቆያ አትወጣም» የሚል መመሪያ ያወጣ ቦታ አልጋውንም ኪቱንም ያባክናል። ቀላል ሕመም ለነበረው ሰው ምልክት ከጀመረ 10 ቀን አልፎ፣ ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ያለ ትኩሳት ከቆየ በቂ ነበር።

ሒሳብ ሹም

ናሙና ቤት ካነሳው ጋር የሚሄድ፣ «ሁሉም ይመርመር» ለሚሉ። ምልክት የሌላቸው 10,000 ሰዎች በፈጣን ምርመራ ቢታዩና ከመቶው ግማሽ ሰው፣ ማለትም 50ዎቹ ብቻ ቢኖርባቸው፣ 30 ገደማ ይያዛሉ፣ 20 ያመልጣሉ። ምርመራው ጤነኛውን በ99.6 በመቶ በትክክል ቢለይም፣ ከ9,950 ጤነኞች 40ው በስህተት ፖዘቲቭ ይባላሉ። ከ70 ፖዘቲቭ 30ው ብቻ እውነተኛ ነው። ስርጭቱ 5 በመቶ ሲሆን ግን 300 እውነተኛ ከ38 ሐሰተኛ ጋር ይመጣል። ያው ካሴት፣ ያው እጅ፣ ሌላ ትርጉም። ስርጭቱ ዝቅ ባለበት ጊዜ ፈጣን ምርመራ ፖዘቲቭ ሲሆን ሰውየውን ወዲያው መለየት፣ በዚያው ቀን ግን በፒሲአር ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ስሎቫኪያ በጥቅምት መጨረሻ 2020 ይህን በሀገር ደረጃ ሞክራዋለች። በሁለት ቀን ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመረመረ፣ 1 በመቶ ገደማ ፖዘቲቭ ሆነ። በሳምንቱ እንደገና በተመረመሩ ወረዳዎች ስርጭቱ ከግማሽ በላይ ወርዶ ተገኘ። ነገር ግን ፖዘቲቭ የሆነው ከነቤተሰቡ ቤት ገብቷል፣ ያልተመረመረውም እንዲሁ፤ ሌሎች ገደቦችም በሥራ ላይ ነበሩ። ምርመራውን ከገደቡ ለይቶ ማመስገን አይቻልም። ገደቡ ላልቶ ምርመራው ሳይደገም ሲቀር በታኅሣሥ ቁጥሩ ተመልሶ ወጣ።

ጠያቂ 7

እሺ፣ የሚሊዮኑን ተዉት። በሳምንት 2,000 ፈጣን ኪት ብቻ ያለው የጤና ኃላፊ እንዴት ያከፋፍለው?

ቁጥር ይናገር

ተጋላጭ ሰዎችን የሚንከባከቡ 300 ሠራተኞች አሉ እንበል። እነሱ በሳምንት ሁለት ጊዜ 600 ይወስዳሉ። ይህ አይነካም፤ የከለላው ግንብ ይህ ነው። ምልክት ላለባቸው ሰዎች 700። ሆስፒታል ለሚገቡና ከተቋም ወደ ተቋም ለሚዛወሩ 250። ለንክኪዎች በ5ኛው ቀን 300። ቀሪው 150 ምልክት ይኑራቸው አይኑራቸው ሳይባል ከሕዝቡ በዕጣ ለሚመረጡ ሰዎች፣ ስርጭቱን ለመለካት።

ኪት ሲያጥር በብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ኃላፊው ዓይኑን የሚያጣው ያኔ ነው። ሆኖም 150 ምን ያህል እንደሚያሳይም ማወቅ ያስፈልጋል። ከ150 አንድም ፖዘቲቭ ባይገኝ፣ ስርጭቱ ዜሮ ነው ማለት አይቻልም፤ በስታቲስቲክስ ያለው ግምታዊ ደንብ 3ን ለ150 ማካፈል ነው፣ እስከ 2 በመቶ ሊኖር ይችላል። 2 በመቶ ደግሞ ያ ባለ 50 ሠራተኛ ተቋም 64 በመቶ አደጋ ላይ የሚወድቅበት ነው። የአራት ሳምንቱ 600 ተደምሮ ዜሮ ከሆነ ጣሪያው 0.5 በመቶ ይሆናል። ያም ምርመራው የሚያመልጠውን ሳንቆጥር ነው።

የሚታየውን የታማሚ ቁጥር ብቻ አትመኑ። ኪቱ 2,000 ከሆነ ቁጥሩ የሆነ ቦታ ደርሶ ይረጋል፤ የረጋው ወረርሽኙ ሳይሆን መደርደሪያው ነው። ከተመረመሩት ስንት በመቶው ፖዘቲቭ እንደሆነ እዩ። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2020 ገደብ ለማላላት ያስቀመጠው መለኪያ ይህ ቁጥር ለሁለት ሳምንት ከ5 በመቶ በታች መሆን ነበር። ከ20 በመቶ በላይ ከሄደ የታመሙትን ራሳችሁ እየፈለጋችሁ አይደለም፣ እነሱ እየመጡላችሁ ነው።

ናሙና ቤት

ፒሲአር ላለው ቦታ ሁለት ነገር ልጨምር።

ውዝፍ። ናሙናው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ የሚቆየው 72 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ከቆየ 70 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይፈልጋል። በቀን 800 በሚሠራ ቤተ ሙከራ 4,000 ናሙና ተከምሮ በተራ ከተሠራ እያንዳንዱ ውጤት 5 ቀን ዘግይቶ ይወጣል፤ ሰውየው በዚያ ጊዜ አስተላልፎ ጨርሷል፣ ንክኪዎቹም ሌሎችን አስይዘዋል። ውጤት ከ3 ቀን በላይ የሚዘገይ ከሆነ የንክኪ ልየታ ቡድኑ የቱንም ያህል ቢሮጥ አይደርስም። ስለዚህ ከባድ ቢመስልም የዛሬው ናሙና ዛሬ ይሠራ፣ አሮጌው ይቆይ። የአሮጌው ባለቤቶች ተደውሎላቸው አሁንም ምልክት ያላቸው እንደገና ይሰጡ። በሆስፒታል ተኝተው ያሉት ብቻ ከዚህ ይለያሉ፤ የእነሱ ናሙና ዕድሜው ምንም ይሁን ቅድሚያ አለው።

ማዋሐድ። የበርካታ ሰዎችን ናሙና በአንድ ቱቦ መርምሮ ኔጌቲቭ ከሆነ ሁሉንም መልቀቅ፣ ፖዘቲቭ ከሆነ እያንዳንዱን መድገም ነው። ሐሳቡ በ1943 ለቂጥኝ ምርመራ የቀረበ ነው። ስርጭቱ 1 በመቶ ሲሆን 11 ናሙና ቢዋሐድ ለ100 ሰው 20 ምርመራ ገደማ ይበቃል። 5 በመቶ ሲሆን አምስት አምስት ማዋሐድ ይሻላል፣ ለ100 ሰው 43 ገደማ። ወደ 30 በመቶ ሲጠጋ ግን ቁጠባው ያልቃል፣ ሥራው ብቻ ይቀራል። አምስቱን ማዋሐድ ናሙናውን ስለሚያቀጥነው ማሽኑ ቫይረሱን ለማየት የሚያባዛበት ዙር ከ2 በላይ ይጨምራል፤ ቫይረሱ ትንሽ የሆነበት ሰው ሊያመልጥ ይችላል። የአንድ ቤት ሰዎችን አብሮ ማዋሐድ ከተበታተኑት ይበልጣል፤ በሽታው አንድ ላይ ስለሚገኝ ፖዘቲቭ የሚሆኑት ቱቦዎች ያንሳሉ። ምልክት ያለበትን ሰው ግን ከማንም ጋር አታዋሕዱት።

ደጅ ጠባቂ

ከመጣሁበት ሐሳብ ብዙ ርቄያለሁ፣ በዚህ አላፍርም። አንድ የማልለቀው አለ። እዚህ የተዘረዘረው ሁሉ የሚሠራው ሰው ለመመርመር ሲፈቅድ ነው። ፖዘቲቭ መሆን የ10 ቀን ገቢ ማጣት ከሆነ፣ ኪት ቢትረፈረፍም ተሰልፎ አፍንጫውን የሚሰጥ አይኖርም። የ10 ቀን ምግብና ገንዘብ ከምርመራው ጋር አንድ በጀት ውስጥ ይግባ። ፖዘቲቭ የሆነው ሰው በዚያው ቀን ይድረሰው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማመልከቻ ሞልቶ አይደለም። ገደብ ሲታወጅም እንዲሁ። መቼ እንደሚታወጅስ? ሁልጊዜ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እየሆነ ነው።

ቁጥር ይናገር

በበጀቱ ላይ ፍጹም እስማማለሁ። የሚታወጅበትን ቀን በተመለከተ ከመጨረሻው ወደ ኋላ መቁጠር ነው።

40 የጽኑ ሕሙማን አልጋ አለ እንበል። ታማሚዎች በየ7 ቀኑ እጥፍ እየሆኑ ነው። ዛሬ ገደብ ቢጣል ውጤቱ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚታየው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ በዚያ ጊዜ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ይደራረባል፣ ማለትም አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መስመሩ 40 አይደለም፣ 35ም አይደለም፤ 10 ነው። አንድ ታማሚ አልጋ ላይ ብዙ ቀን ስለሚቆይ ከ10ም ቀደም ቢል ይሻላል። 30 አልጋ ባዶ እያለ ከተማ መዝጋት ለማስረዳት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ወረርሽኙ ሳይበረታ በፊት በጽሑፍ ተወስኖ ለሕዝብ ይነገር። እጥፍ የሚሆነው በ3 ቀን ከሆነ መስመሩ 1 ወይም 2 አልጋ ላይ ይወድቃል፤ ያኔ ሆስፒታሉን ማየት ትቶ ከሕዝቡ የተወሰደውን ናሙና ማየት ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ሲከፈት አንድ ነገር ከፍቶ ሦስት ሳምንት መጠበቅ። አምስት ነገር አብሮ ተከፍቶ ቁጥሩ ቢጨምር የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፣ አምስቱም ይዘጋሉ። መጀመሪያ የሚከፈቱት ክትባት፣ የወሊድ ክትትልና የቲቢ ሕክምና ናቸው፤ እነዚህ እንዲያውም መዘጋት አልነበረባቸውም። ቀጥሎ ውጪ በአየር ላይ የሚሠራ ሥራ፣ ከዚያ የትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤት መስኮቱን ከፍቶ። መስኮት የሌለው፣ ሰው ተጠጋግቶ ጮክ ብሎ የሚነጋገርበት ቤት መጨረሻ።

የክፍል 4 ነርስ

ቁጥር ይናገር፣ በአንድ ነገር ላይ ላርምህ። ከዝርዝሩ ውስጥ የአረጋውያን ጉብኝት የለም። ለወራት ሰው ያላየ አዛውንት ምግብ ይተዋል፣ ከአልጋ መነሳት ያቆማል፣ የአእምሮ መርሳት ያለበት ደግሞ የልጁን ፊት ይረሳል፤ ይህም ይገድላል። የዕጣ ናሙናው ለአራት ሳምንት አንድም የተረጋገጠ ፖዘቲቭ ካላሳየ፣ ማለትም ጣሪያው 0.5 በመቶ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ነዋሪ አንድ ቋሚ ጎብኚ ይፈቀድ፤ ሁልጊዜ ያው ሰው፣ በር ላይ ተመርምሮ፣ ማስክ አድርጎ፣ ከተቻለ ግቢ ውስጥ፣ ለ30 ደቂቃ። ለ40 ነዋሪ በሳምንት 40 ኪት ነው። ከንክኪዎች ድርሻ 40 ቀንሳችሁ ለዚህ አድርጉት። በሞት አፋፍ ላይ ላለ ሰው ግን ስርጭቱ ስንትም ይሁን ስንት ቤተሰቡ ይግባ፤ ጋዋን፣ ጓንትና ማስክ አዘጋጁለት፣ አንድ ሠራተኛ ቆሞ ያልብሰው፣ ሲወጣም ያውልቅለት።